የማይሳሳት ቍጥር፣ የማትጠብቅ ጨረቃ፦ ስለ ዐውደ ቀመርና ስለ እውነት

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መገባደጃ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ቅዳሜ ለሆሣዕና እሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ጨረቃ ሞላች። ከአባቶቻችን በተረከብነው የባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት ግን የዚያ ዓመት የፍሥሕ ጨረቃ የምትሞላው በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን ነበር። በስሌቱና በሰማዩ መካከል የአራት ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ በእንጦጦ ተራራ ላይ በተተከሉት፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር በሆነው መነጽሮች መመልከት አያስፈልግም። በየካ ሰፈር ደጁ ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨረቃ መጕደሏን በዐይኑ ሊመለከት ይችል ነበር።

የሳይንስ ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶቻችን ይህን ሲረዱ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ። «ስሌቱ ከሰማይ ጋር እንደማይስማማ እያወቅን በዓለ ትንሣኤን በእርሱ ማክበራችን ውሸት አይደለምን?» ይላሉ። ጥያቄው የድፍረት ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው። ስለዚህ በቍጣ ወይም በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። መልስ ለማግኘት ግን አስቀድመን የስሌቱን እምብርት፣ አባቶች ዐውደ ቀመር ወይም ዐቢይ ቀመር ያሉትን 532ን በሚገባ ማወቅ ይኖርብናል።

፩. የቍጥሩ ጠባይ

አንድ ዓመት 365 ቀናት አሉት። ይህም 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ዘመን በተለወጠ ቍጥር መስከረም 1 ቀን በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ወደ ፊት ይራመዳል፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጕሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ ሁለት ቀን ይራመዳል። የወንጌላውያኑ ዙር 4፣ የሳምንቱ ዕለታት 7 ስለሆኑ ዕለቱና ወንጌላዊው ተገናኝተው ወደ ነበሩበት የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው። ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል።

ጨረቃ ደግሞ የራሷ ዙር አላት። በ19 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ 235 ጊዜ ያህል ስለምትታደስ፣ ከ19 ዓመት በኋላ የጨረቃ ልደት ወደ ቀድሞው ቀን ይመለሳል። ይህን ከጌታችን ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የአቴናው ሜቶን ያውቀው ነበር። አባቶቻችንም አበቅቴን የሚቈጥሩት በዚሁ ዙር ነው። ወንጌላዊውና አበቅቴው የሚገናኙበት የ76 ዓመት ዙር ዐውደ ማኅተም ተብሏል። ሁሉም፣ ማለትም ዕለቱም ወንጌላዊውም አበቅቴውም፣ በአንድነት የሚመለሱት ግን በ532 ዓመት ነው።

ስለ ምን 532 ሆነ? 4፣ 7 እና 19 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። በአንድ ገዳም ውስጥ ሦስት መነኮሳት ደወል የመደወል ተራ አላቸው እንበል። አንደኛው በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው በየ7 ቀኑ፣ ሦስተኛው በየ19 ቀኑ ይደውላሉ። ዛሬ ሦስቱም አብረው ከደወሉ እንደገና አብረው የሚደውሉት 4 በ7፣ ተባዝቶም በ19፣ ማለት በ532ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ፈጽሞ አይሆንም። ተራቸው በየ4 እና በየ6 ቀኑ ቢሆን ኖሮ ግን በ24ኛው ሳይሆን በ12ኛው ቀን በተገናኙ ነበር፤ 4 እና 6 ሁለትን ይጋራሉና።

የ532 ዓመታት ቀናት ሲቈጠሩ 194,313 ይሆናሉ። ይህ ቍጥር ለ7 ሲካፈል ያለ አንዳች ቀሪ 27,759 ሳምንት ይሆናል። ዙሩ ሲፈጸም መስከረም 1 ቀን ወደ ቀድሞ ዕለቱ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1485 ዓ.ም.፣ በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፣ ፋሲካ የዋለው በዚያው በሚያዝያ 12 ቀን ነበር። በ2549 ዓ.ም.ም ስሌቱ እንዳለ ከቈየ በዚያው ቀን ይውላል።

፪. በቀሪ የሚሠራ ስሌት

የስሌቱን አሠራር በ2017 ዓ.ም. እንመልከት። በሊቃውንቱ ልማድ 5500 ዓመተ ፍዳን ስንጨምርበት ዓመተ ዓለም 7517 ይሆናል። ይህ ቍጥር የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይካፈልም። የሒሳብ መምህራን እንዲህ ያለውን ብቸኛ ቍጥር ይሉታል። ይህን ለማረጋገጥ እስከ 83 ባሉት 23 ብቸኛ ቍጥሮች ብቻ መሞከር ይበቃል፤ 87 በ87 ሲባዛ 7569 ሆኖ 7517ን ያልፋልና። በኮተቤ የሚማር አንድ ብላቴና በወረቀትና በእርሳስ ከሰዓት በኋላውን ተቀምጦ ሊፈጽመው ይችላል።

ባሕረ ሐሳብ ግን ዓመተ ዓለምን የሚያካፍለው እኩል እንዲደርስለት አይደለም። የሚፈልገው ቀሪውን ነው። 7517 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። 7517 ላይ 1879 ተደምሮ ለ7 ሲካፈል 2 ይቀራል። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቈጠር ሁለተኛው ረቡዕ ስለሆነ መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ 121 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲወጣለት አበቅቴው 1 ነው። 11 በ19 ተባዝቶ 209 ይሆናል፤ በዚሁ ዓይነት መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ነው።

መጥቅዑ መስከረም 29 ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ 4 ስለሆነ ድምሩ 33፣ ሠላሳው ሲወጣለት 3 ይሆናል። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይውላል። ሚሊዮኖች የሚጾሙትና የሚፈስኩት በነዚህ ጥቂት ቀሪዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። 7517 ለ532 ሲካፈል ዐሥራ አራት ዙር ደርሶ የሚቀረው 69 ነው። ከነነዌ እስከ ፋሲካ ያለውም 69 ቀን ነው። በዚህ መደነቅ የሚወድድ ሰው ምሥጢር አገኘሁ ሊል ይችላል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ቀሪው 70 ይሆናል፤ የነነዌና የፋሲካ ርቀት ግን ያው 69 ነው። ስለዚህ አጋጣሚ እንጂ ምሥጢር አይደለም። በየስልክ ቍጥሩና በየሰሌዳው 666ን እየፈለጉ የሚሸበሩ፣ ሌላውንም የሚያሸብሩ ምእመናን ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው። የቍጥርን ጠባይ ማወቅ ራሱ ከቍጥር ፍርሃት ያድናል።

፫. ይህን እውነት ማን አደረገው?

አሁን ወደ ጥልቁ ጥያቄ እንምጣ። 532 በ4፣ በ7 እና በ19 የሚካፈል መሆኑን ማን ወሰነው? ንጉሥ አላወጀውም፤ ጉባኤም አልደነገገውም። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ የ532 ዓመቱን የፋሲካ ዙር ሲያዘጋጅ ጠባዩን አገኘው እንጂ አልፈጠረውም። ቅዱስ አጎስጢኖስ ስለ ነጻ ፈቃድ በጻፈው ድርሳን ሁለተኛ መጽሐፍ ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምሮታል። ሰባትና ሦስት ዐሥር መሆናቸው ለአንተም ለእኔም ያው ነው፤ የትናንቱ ከዛሬው አይለይም፤ ሰው ቢስማማም ባይስማማም አይለወጥም። የሰው አእምሮ ደግሞ ተለዋዋጭ ነው። ተለዋዋጩ አእምሮ ለማይለወጠው እውነት የሚገዛ ከሆነ፣ ከአእምሮ በላይ የሆነ እውነት አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ቅዱሱ ወደ ዘላለማዊው እውነት፣ ወደ እግዚአብሔር ይወጣል።

መጽሐፈ ጥበብም በምዕራፍ 11 እግዚአብሔር ሁሉን በመጠንና በቍጥር በሚዛንም እንዳደራጀ ያስተምረናል። ስለዚህ የቍጥርን እውነት መውደድ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በሥራ ቦታው የሒሳብ ሰነድ በእውነት የሚያዘጋጅ ምእመን፣ በትምህርት ቤት የማባዛት ሠንጠረዥ የሚያስጠና መምህር፣ ሳያውቁትም ቢሆን የአንዱን እውነት ደጅ ይጠብቃሉ።

፬. ቍጥሩና ሰማዩ

ነገር ግን ሁለት ዓይነት እውነት መለየት ግድ ነው። 532 ለ4፣ ለ7 እና ለ19 እኩል መካፈሉ በምንም ዘመን አይፈርስም። «ከ532 ዓመት በኋላ ፀሐይና ጨረቃ ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ይመለሳሉ» የሚለው ግን ስለ ቍጥር ሳይሆን ስለ ሰማይ የተነገረ ቃል ነው፤ በምልከታም ይፈተናል።

ሲፈተንም እንዲህ ሆኖ ይገኛል። የስሌታችን ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ከዚያ 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ደቂቃዎቹ በ532 ዓመት ውስጥ ተጠራቅመው ከአራት ቀን ጥቂት ያልፋሉ። በዚሁ ዘመን ውስጥ ጨረቃ 6,580 ጊዜ ትታደሳለች፤ እርሷም ከስሌቱ ሁለት ቀን በሚጠጋ ጊዜ ቀድማ ትፈጽማለች። አባቶች ያለ መነጽር ይህን ያህል መቅረባቸው የሚያስደንቅ ነው። ዘመናት በተጨመሩ ቍጥር ግን ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ሙሉዋን ጨረቃ በአራት ቀን ያህል አሳልፈን እንቈጥራለን። ቍጥሩ አልተሳሳተም፤ ጨረቃም አልተሳሳተችም። የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

፭. ታዲያ ውሸት ነውን?

ውሸት ማለት ሰው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ባልንጀራውን ለማሳት እንደ እውነት የሚናገረው ነገር ነው። ይህን ይዘን በዙሪያችን ያሉትን መለኪያዎች እንመርምር። በሀገራችን ጎሕ ከቀደደ በኋላ አንድ ሰዓት የምንለውን ሌላው ዓለም ሰባት ሰዓት ይለዋል። ሁለታችንም አንዋሽም። አቈጣጠሩ የታወቀ ስምምነት ነውና። በገጠር እህል የሚሰፈርበት ቁናም ከአገር አገር መጠኑ ይለያይ ነበር። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ቁናውን ስለሚያውቀው ግን ማንም አልተታለለም።

በሾላ ገበያ ሚዛኑን አዛብቶ 900 ግራሙን ኪሎ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ሌባ ነው። በቁናና በዚህ ሚዛን መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ቁናው ለሁሉ የታወቀ ነው፤ የነጋዴው መቶ ግራም ግን ከገዢው ተሰውሮአል። እንግዲህ መመዘኛው ይህ ነው፤ በግልጽ የታወቀና በጋራ የተያዘ መለኪያ ጉድለት ቢኖርበትም ሥርዓት ነው፤ ከባልንጀራ ተሰውሮ ባልንጀራን የሚጎዳ ግን ሐሰት ነው።

ዐውደ ቀመር የታወቀ ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ፋሲካን ስታውጅ ስለ ጨረቃ የሥነ ፈለክ ምስክርነት መስጠቷ አይደለም። ልጆቿ በአንድ ቀን በአንድ ቅዳሴ እንዲገናኙ ቀጠሮ መስጠቷ ነው። በዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ውሸት የሚገባው ሌላ ሲጨመርበት ነው፤ ይኸውም ከመምህራን አንዱ ለወጣቱ «ስሌታችን ከሰማይ ንቅንቅ አይልም፤ የሚጠራጠር ከሃዲ ነው» ያለው እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ ሥርዓቱን ለማክበር ሲል እውነትን ይጥላል። ወጣቱም አንድ ቀን ቀና ብሎ ጨረቃን ሲያይ ከስሌቱ ጋር ወንጌሉንም ይጥለዋል። በዚህ ነገር የሚጠፋው የአንድ ነፍስ እምነት ስለሆነ፣ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

በአንጻሩም «ለሰላም ሲባል» የሚለውን ቃል ለማይገባው ነገር መጥቀስ አይፈቀድም። የማኅበር ገንዘብ ሲጎድል ለአንድነት ሲባል ዝም እንበል፣ የተሳሳተ ሪፖርት ሲቀርብ ለስምምነት ሲባል እንፈርም የሚል ሰው ዐውደ ቀመርን ምስክር አድርጎ ሊጠራ አይችልም። የበዓል ቀን የሥርዓት ጉዳይ ነው፤ የድኻ ገንዘብ ግን የፍትሕ ጉዳይ ነው።

፮. ትክክል መሆንና አብሮ መሆን

የእኛይቱ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ብዙ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1582 ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 13ኛ ካላንደሩን ሲያርሙ ዐሥር ቀን ተዘለለ፤ ከጥቅምት 4 ማግስት ጥቅምት 15 ተባለ። በሒሳብና በሥነ ፈለክ እርማቱ የተገባ ነበር። ነገር ግን ያው ሥርዓት በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ሀገራችን በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በኩል ሲመጣ እንዴት መጣ? ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1626 የካቶሊክን እምነት ካወጁ በኋላ ሕዝቡ የኖረበትን የበዓልና የጾም ቀን እንዲለውጥ በትእዛዝ ተጠየቀ። ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህም ለዐመፅና ለደም መፋሰስ ምክንያት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ። ስለ ጨረቃ ትክክል የነበረው ስሌት ከፍቅር ተለይቶ በግድ በመጣ ጊዜ ወንድማማችን ለያየ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ሌላ መንገድ መረጡ። የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ የግዕዝን ሥርዓት አከበሩ፤ እንደ ሀገሩ ሰው ለበሱ፣ ጾሙም። ከሀገሩ ሊቃውንት መካከል እንደ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ያሉትን ያፈሩት በክርክር ብልጫ ሳይሆን በሕይወታቸው ምስክርነት ነበር። እኛም የመንፈስ ልጆቻቸው ዛሬ በሀገራችን ትንሣኤን ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ቀን እናከብራለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ፣ ክርስቲያኖች ሁሉ በአንድ ቀን እስኪስማሙ ድረስ፣ በአንድ አገር ያሉት ለአንድነት ሲሉ ተስማምተው ፋሲካን በአንድ እሑድ ሊያከብሩ እንደሚችሉ በቍጥር 20 ይፈቅዳል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በሮም ሥርዓት ፋሲካ መጋቢት 22 ቀን ሲሆን በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን ነበር። ልጆቿ በውጭ አገር ያሉ አንዲት የየካ እናት በሕማማት ስትሰግድ፣ እነርሱ ግን ፋሲካን ካከበሩ ሳምንታት አልፈዋል። «እንኳን አደረሳችሁ» ለመባባል እንኳ ቀን ያጣ ቤተሰብ የክርስትናን መከፋፈል በገበታው ላይ ያየዋል። በ2017 ዓ.ም. ግን ምሥራቅም ምዕራብም ሚያዝያ 12 ቀን በአንድነት አከበሩ። ያ ዓመት እ.ኤ.አ. በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመት የታሰበበት ነበር። በማግስቱ ሚያዝያ 13 ቀን ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም ለኢዮቤልዩው ዓመት ባወጡት ዐዋጅ፣ ይህ መገጣጠም ክርስቲያኖችን ሁሉ ወደ አንድ የፋሲካ ቀን የሚያራምድ ጥሪ እንዲሆን ለምነው ነበር።

እዚህ ላይ ሐቁን መሸሸግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1997 በሶርያ በሐለብ ከተማ የተሰበሰቡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች ያቀረቡት ሐሳብ፣ የኒቅያን ሥርዓት ጠብቆ፣ የጨረቃን ሙላት ግን ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ በትክክለኛው የሥነ ፈለክ ስሌት ማስላት ነው። ይህ ቢፈጸም የሮምም ሠንጠረዥ የእኛም ዐውደ ቀመር ለፋሲካ መወሰኛ መሆናቸው ይቀራል። ሁሉም የሚወድደውን አንድ ነገር ይተዋል። ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ የትውልድ ድካም ያለበት የሀገር ቅርስ ነውና። ቢሆንም ቅርሱን ማጥናትና ማስጠናት አንድ ነገር ነው፤ ቅርሱን የመለያያ ግድግዳ ማድረግ ሌላ ነው። ቀኑ በስምምነት ሊለወጥ በተጠራን ጊዜ አብረን ልንነሣ እንጂ ማንም ማንንም ቀድሞ ሊገፋ አይገባም። የሜንዴዝ ዘመን ይህን በበቂ አስተምሮናል።

፯. ለወጣቶቻችን

እንግዲህ ወጣቶቻችን ሁለቱንም ሊማሩ ይገባቸዋል። አበቅቴና መጥቅዕን ከመሪጌታው እግር ሥር፣ የሥነ ፈለክ ጥበብንም ከመምህራኑ ዘንድ ይማሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ከተላከችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ ይቀበል የነበረው ጣቢያ በእንጦጦ ነው። ከዚያው ተራራ በታች በየካ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በአለቱ ውስጥ የጸለዩት አባቶች ዘመንን በቀሪ ቈጠሩ፤ በተራራው ላይ ያሉት ልጆቻቸው ሰማይን በመሣሪያ ይለካሉ። ሁለቱም የአንዱን ፈጣሪ ሥራ ስለሚመረምሩ አንዱ ሌላውን ሊያፍርበት አይገባም።

ለጥያቄው የምንሰጠው መልስም ይህ ነው። በዐውደ ቀመር ፋሲካን ማክበራችን ውሸት አይደለም፤ ስለ ዐውደ ቀመር መዋሸት ግን ውሸት ነው። የጨረቃን ነገር ጨረቃን ለሚያጠኑ እንተውላቸው፤ የቍጥሩን ውበት እናድንቅ፤ የቀኑን ስምምነት በፍቅር እንጠብቅ። ሙታን መነሣታቸውን የምናምነው ቀኑን በትክክል ስለ ቈጠርን ሳይሆን ክርስቶስ በእውነት ስለ ተነሣ ነው።

ዕድሜያችንን ቈጥሮ የሰጠን አምላክ፣ የቀረውን ዘመናችንን በእውነትና በአንድነት የምንኖርበት ያድርግልን። አሜን።